«ብረት ያው ብረት ነው» አሉኝ

ዛሬ ነቀምቴ ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ፈታኙ «የሙቀቱን ምዕራፍ አውጪው፤ ብረት ያው ብረት ነው» አሉኝ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ናሙናዬን የቆረጥኩት ሲሬ አጠገብ ከተጣለ፣ በንጉሡ ዘመን ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ይፈጭ ከነበረ አሮጌ ክሬሸር ነው። ብረቱ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን የተቀላቀለበት፣ ሲመቱት የሚጠነክር ዓይነት ነው።

በውስጡ የአቶም ንብርብሮች አሉ። ንብርብሮቹ ተዛንፈው እንዲደረደሩ የሚያስፈልገው ጉልበት ስታኪንግ ፎልት ኢነርጂ ይባላል። ሙቀት ሲጨምር ይህ ጉልበት ይጨምራል፤ ስለዚህ ያው ብረት ሲቀዘቅዝና ሲግል ሲመቱት አንድ ዓይነት አይጠነክርም። የጽሑፌ ነፍስ ይኸው ነው!

«መምህር፣ እሱ ከወጣ ምን ይቀረኛል?» አልኳቸው።

«ሽፋኑ» ብለው ሳቁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ አማካሪዬ ነው። ርዕሱን ራሱ ሰጥቶኝ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል!

«አላወጣም» አልኩ። እንደገና ታቀርቢያለሽ ተባልኩ።

እናቴ በር ላይ ጠብቃኝ «ማል ጄዻን? ምን አሉሽ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ጋሪ ዻ፣ ኢንተለ ኮ። ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» ብላ አቀፈችኝ። ያኔ አለቀስኩ።

እናንተስ፣ ለፍታችሁ ያገኛችሁትን እውነት አውጡት ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መናደድ አልፈልግም።