ከርከሮዋ የወለደች ሰሞን

የዚያን ዕለት ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ዲላ ድረስ በእግሩ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመና... ከጎረቤቴ ጋር አወራ።

«ለዚህች ልጅ ንገሪልኝ» አላት እትዬ አስካለን። «አባባ በሽታው ጠንቶበታል። ልያት ብሏል። የምትሄድ ከሆነ አሁኑኑ ትነሳ።»

«ኧረ ይቺው ቆማ የለ እንዴ! አንተው አትነግራትም?»

«እኔ የነገርኩት ላንቺ ነው።»

እናንተዬ፣ በመሃላችን እኮ አንድ ክንድ አይሞላም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ቤተሰቤ ጭሰኛ ነው። ቡናውን ለቅመን፣ አድርቀን ስናበቃ የባለርስቱ ወኪል መጥቶ ሲሶውን አስለክቶ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ምን እንደለከፈኝ እንጃ፣ የዚያኑ ወኪል ልጅ አገባሁ። የወደድኩት ሰውየውን ነው እንጂ ሲሶውን አይደለም... ግን ይህንን ለወንድሜ ለጋሼ ሽፈራው ማን ያስረዳው? ከሰርጌ ወዲህ አንዲት ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም። ሽማግሌ ተላከበት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለመኑት... ወይ ፍንክች!

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ወደ መንደራችን ወደ ቡሌ የሚያወጣውን ዳገት እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተያያዝነው። ጭጋጉ እንሰቱ ላይ ተኝቷል። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ አባቴ በሕይወት እያለ አድርሰኝ» እላለሁ፤ ዓይኔ ደግሞ የወንድሜን ጀርባ ያያል። ጀርባውን ብቻ ነው የሰጠኝ።

ጫካው አፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሽማግሌ አገኘንና አስቆመን።

«ልጆቼ፣ ከርከሮ መንገዱ ዳር ወልዳለች። ድንገት የደረሱባት እንደሆነ አትምርም፤ ትናንት የአንዱን ጭን ዘነጣጥላዋለች። ድምፅ ከሩቅ ከሰማች ግን ልጆቿን ይዛ ገለል ትላለች። እያወራችሁ እለፉ። ብትወጣባችሁ እንዳትሮጡ፣ ዛፍ ተጠግታችሁ መሄጃዋን ልቀቁላት።» ቀጠለና ፈገግ አለ። «ወንድምና እህት አይደላችሁ? ወሬ መቼም አይጠፋችሁም!»

አመስግነን ገባን።

ጋሼ በዱላው ግንድ እየመታ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ሳለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ...» ብዬ ልጀምር ስል እርምጃውን አፈጠነብኝ። ቁጥቋጦው ውስጥ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ቡሬዋ ላማችን ወለደች!» ብሎ ጮኸ። ለእኔ አይደለም፤ ለጫካው ነው።

«ምን ወለደች?» ብዬ እኔም ጮህኩ።

«ጥጃ ነዋ! ምን ልትወልድ ኖሯል!»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ከዚያማ አፉ ተከፈተ። ታናሽ እህታችን ማግባቷን፣ የጓሮው እንሰት በበሽታ መድረቁን፣ የእማማ ዓይን መድከሙን... ሁሉንም እየጮኸ ነገረኝ። እኔም እየጮህኩ እጠይቃለሁ። አንዴም ዞሮ አላየኝም፤ ቢሆንም ድምፁ የድሮው የጋሼ ድምፅ ነው።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ከርከሮዋ ብቅ አለች። የጀርባዋ ጸጉር ቆሟል፣ ልጆቿ ከኋላዋ ይርመሰመሳሉ። ጋሼ በክንዱ ወደ ዛፍ ገፋኝና ከፊቴ ቆመ።

«እንዳትሮጪ። ዝምም እንዳትዪ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ።»

«ምን ብዬ?»

«የመጣልሽን!»

የመጣልኝን አልኩ። «ለምንድን ነው የማታናግረኝ? የአባቴ ልጅ አይደለህም? ስንቴ ሰው ላኩብህ!»

ዓይኑን ከከርከሮዋ ሳይነቅል መለሰልኝ። «አማትሽ ቡናችንን ሲያስለካ አባባ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሚቆመው። አንቺ ደግሞ እዚያ ቤት ማዕድ ትቀርቢያለሽ። ምን ብዬ ላናግርሽ? ናፍቀሽኛል ልበልሽ?»

«አዎ፣ በለኝ!»

«ናፍቀሽኛል» አለ... ከርከሮዋን እያየ።

እሷም ትንሽ አየችንና ልጆቿን ሰብስባ ቁልቁል ወረደች።

ከዚያ በኋላ ሳንጮህ እያወራን ሄድን። ዛፉ እየሳሳ፣ ከፊት ብርሃን እየታየ ሲመጣ እርምጃዬን ቀነስኩ። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ ብዬ ዋሸሁ፤ ቆሞ ጠበቀኝ። አባቴ እየሞተ እኔ መንገድ አስረዝማለሁ... ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ከጫካው ስንወጣ የመንደሩ ሰዎች ቡና ያሰጣሉ። ሁሉም ጭሰኛ፣ ሁሉም የማን ሚስት እንደሆንኩ የሚያውቅ። ቀና ብለው አዩን። ጋሼ ስለ ታናሽ እህታችን ባል እየነገረኝ ነበር፤ ወሬውን እንደጀመረው ተወው።

አባባን በሕይወቱ ደረስኩበት። እጄን ይዞ «ሽፈራው አናገረሽ?» አለኝ።

«አዎ አባባ። ጫካውን ሙሉ።»

ቀና ብሎ ልጁን አየው። ጋሼ ምሰሶውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። አባባ ግን አመነኝ መሰለኝ፣ ፊቱ ፈካ አለ። በማግስቱ አረፈ።

በኋላ ዘመን ተለወጠ፣ መሬቱም ለጭሰኛው ሆነ፤ ባለርስትም ወኪልም ቀረ። ጋሼ ሽፈራው ብዙ ዓመት ኖረ። ልጆች ዳረ፣ የልጅ ልጅ አየ። እኔን ግን እስኪሞት ድረስ አላናገረኝም።

ሰው ሁሉ ከአውሬ ጫካ ቶሎ አውጣኝ ብሎ ይጸልያል... እኔ ግን ምነው ያ ጫካ ትንሽ በረዘመልኝ ኖሮ እላለሁ።