የማይከሽፈው ሽጉጥ

በተሰደድንበት ከተማ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ካለው የጦር መሣሪያ መሸጫ መስኮት ፊት ዘወትር የሚቆም አንድ ያገሬ ሰው አለ። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ በደርግ ዘመን ስም የሚጠይቅ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ እናውቃለን። በዚህ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ከኋላው ሰው ባለፈ ቁጥር ማጅራቱን በመዳፉ ይሸፍናል።

ዓይኑን የሚተክለው ከአንድ የድሮ ሽጉጥ ጎን በተቀመጠው አዲስ ሽጉጥ ላይ ነው። መልኩ ያው የድሮው ነው፤ እጀታው ብቻ ፕላስቲክ ሆኗል።

ትናንት ክንዴን ያዘኝ። «ወንድሜ፣ ስዋሂሊ ትችል የለ? አዲሱ ይከሽፍ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ገብተን ስጠይቀው ህንዳዊው ባለሱቅ ሳቀ። «ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም! የሚከሽፈው የድሮው ነው። የዚህን ውስጡን ቀይረውታል፤ ጭቃ ውስጥ ብትነክረው እንኳ ይተኩሳል።»

ስተረጉምለት ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እኔ ላይ የድሮው ከሽፏል» አለኝ። «የቀበሌው ጥበቃ ማጅራቴ ላይ ደግኖ ሁለቴ ቃታ ሳበ። እንቢ ሲለው እየተሳደበ ሌላ ሊያመጣ ሄደ፤ እኔም አጥር ዘለልኩ።»

«ታዲያ ተመስገን በላ!»

«እህቴ ገና እዚያው እንደታሰረች ናት። እሷም ላይ ይከሽፋል እያልኩ ነው የምኖር።»

ሽጉጡን ያሻሻለው መሐንዲስ ተብዬ ያን ሁሉ የተማረው ይቺን የማምለጫ ቀዳዳ ሊደፍን ነው?

«አዲሱ አዲስ አበባ ገብቶ ይሆን?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ባለሱቁ የከተማዋን ስም ሰምቶ ፈገግ አለ።

«አዲስ አበባ? ንዲዮ፣ ንዲዮ!» አለ፣ ራሱን በአዎንታ ወደ ታች እየነቀነቀ።

ይህን እንድተረጉምለት አልጠየቀኝም።