በአንድ ጣራ ሥር ያለ ደመወዝ

ከደሴ የወጣነው ሦስት ነን። እኔ ሰይድ፣ መካኒክ። ባለቤቴ ዘሀራ፣ ልብስ ሰፊ። ልጃችን ሐያት፣ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት የጨረሰች። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ የተቀበሉን ደግሞ ጋሽ መኮንን ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በፊት በስደት ገብተው ፎረስት ፓርክ በሚባል ሰፈር ቤት የገዙ የአገራችን ሰው።

በወጣንበት ሌሊት ጎረቤቱ ሊሸኘን ሲሰበሰብ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ዲቪ ሲደርሰን ከተማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሕዝቡን ብዛት፣ ኪራዩን፣ የቤተሰብ ገቢውን ስልኬ ላይ እያነበብኩ። «አንድ አባወራ በዓመት ይህን ያህል ያገኛል» ብዬ በብር አባዝቼ ነገርኳቸው። «ሐያትን ነርስ አደርጋለሁ» አልኩ። ያ ቁጥር በአንድ ጣራ ሥር ያለ ሰው ሁሉ ደመወዝ ተደምሮ መሆኑን አላወቅኩም። ቤተሰብ ሲባል ለእኔ የሚታየኝ የአባት ኪስ ነው።

ከከተማው ዳር ኒው አልባኒ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ካርቶን ማንሳት ገባሁ። የደሴ ብርድ ፊት ይገርፍና ይሄዳል፤ የዚህኛው ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዳቦው ሳይቀር ስኳር አለው። ዘሀራ ሆቴል ማጽዳት ጀምራ ነበር፤ ኮሮና ሲመጣ ሰዓቷን ቀነሱባት። በጋሽ መኮንን ምድር ቤት ከረምን፤ በኋላ ልጃቸው ሚስቱን ይዞ ሲመለስ ቤት ፍለጋ ወጣን።

የአፓርትመንቱ ማናጀር ማስክ አድርጋ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣለች። ሐያት ትተረጉምልኛለች።

«ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት ትላለች።»

«ሦስት ቤት አልጠየቅኩም በያት።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «አንድ ነው የምሰጣችሁ ትላለች። ግን የሁለታችሁ ገቢ አይደርስም።»

«ኪራይዋን ከከፈልኳት በተረፈኝ ምን አገባት?»

«አባዬ፣ ፕሊስ! ይሄን አልላትም።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ እሠራ እንደሆነ እየጠየቀች ነው።»

ወረቀቴን ሰብስቤ ወደ በሩ ሄድኩ።

ስንመለስ ጋሽ መኮንን መኪናውን እየነዱ፣ «ሰይድ፣ አትድረቅ» አሉኝ። «ልጅቷም ትሥራ፤ ሊዙ ላይ፣ የኪራይ ውሉ ላይ አስገባት። በአንድ ሰው ደመወዝ የሚኖር ቤት ካሳየኸኝ ኪራይህን እኔ እከፍላለሁ።»

«ያመጣኋት ካርቶን እንድታነሳ አይደለም፣ ጋሼ።»

«እኔስ ካርቶን ናፍቆኝ ነው የመጣሁት?»

ሐያት ከኋላ ወንበር፣ «አይ ዊል ዱ ኢት፣ አባዬ» አለች። «እሠራለሁ፣ አንድ ዓመት ብቻ።»

ለኮሌጅ ተመዝግባ ነበር፤ ኮል አድርጋ ሰረዘችው። እኔ የምሠራበት ዌርሃውስ ገባች፤ ቤቱም ተሰጠን፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በአንድ መኪና እንሄድ ጀመር። በእረፍት ሰዓት እጇን ስታሻሽ እያየሁ ከሌሎች ወንዶች ጋር እቀመጥ ነበር። አባት ልጁን ማስተማር ግዴታው ነው፤ ዛሬም እንዲሁ አምናለሁ። ወደዚህ የምትመጡ አባቶች ግን ገቢውን ስታነቡ ማን ማን ሠርቶ እንዳመጣው ጠይቁ።

ሊዙን ለሁለተኛ ዓመት ስናድስ ሐያት ሳታነብ ፈረመች። ስለ ኮሌጅ አላነሳችም፤ እኔም አፍሬ አላነሳሁም።

ሰሞኑን ወንድሜ ከደሴ ደወለ። እሱም ዲቪ ደርሶታል።

«ቤቱ ስንት ነው የሚያስወጣችሁ?»

ኪራዩን ነገርኩት።

«ታዲያ ስልኬ ላይ ካነበብኩት ገቢ አንጻር ይሄማ ርካሽ ነው!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኩት። «በዚያ ላይ ሐያት ሳትማር የቀረችው ሁለት ዓመት አለበት።»