ጋሽ ሰይፈና የኻድራ ማሽን

ታይዋን በሚሉት የከተማችን ገበያ ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ያልጮኸበት ነጋዴ ቢፈለግ አይገኝም። በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። አሁን በጠባብ ሱቁ ቁጭ ብሎ፣ ሌላው ቆሻሻ የሚላቸውን፣ ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ ያረጁ ኮምፒውተሮች ይፈታል፣ ይገጥማል። እጁ ወርቅ ነው፤ አመሉን ግን እግዜር ይያዝለት።

የሚያበግነው አንድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ አሮጌ ማሽን በመልኩ ይመርጣል። ግራጫ ከሆነ፣ ከከበደ፣ ሲከፈት «ዩኒክስ» ካለ፣ በቃ አንድ ነው። የአንዱን ዕቃ ለሌላው ካልገጠምክ ብለው ድርቅ ይላሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ በማግስቱ ሌላው ያንኑ ይዞ ከች ይላል።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ኻድራ መጣች። ኻድራ አሥራ አራት ሴቶች የሚሠሩበት የሽመና ቤት አላት። የጥለቱን ንድፍ ለመሸመኛው የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ እሱ ተቃጠለባትና ሴቶቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈቱ። ጅቡቲ ያለው ወንድሟ ምትክ ፈልጎ በጭነት መኪና ላከላት። እሱን ነው ከባጃጅ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችለት።

ጋሽ ሰይፈ ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ደሙ ፈላ።

«አቦ ኻድራ! ያንቺኮ ስፓርክ ነው! ይሄ ፒኤ-ሪስክ ነው፤ ሌላ ዘር!»

«ዩኒክስ አይደል እንዴ?»

«ነው! አንቺ ሶማሌ፣ ጎረቤትሽ ኦሮሞ፣ ማዶ ያለችው ሐረሪ፣ ገበያ ላይ ሁላችሁም አማርኛ ታወራላችሁ አይደል? ቤት ስትገቡስ? በየቋንቋችሁ! ማሽኑም እንደዚያው ነው። ላይ ላዩን ዩኒክስ ያወራል፤ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ግን የሚገባው የእናቱ ቋንቋ ብቻ ነው። ያንቺ ፕሮግራም የተሠራው በስፓርክ ቋንቋ ነው፤ ይሄኛው አንዲት ቃል አይሰማም! ሰው ሳትጠይቁ ዕቃ ታስጭናላችሁ፤ ወላሂ ታቃጥላላችሁ!»

ኻድራ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ስልኳን ከፍታ አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። ወንድሟ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን አድርጎ ያነሳው ፎቶ ነበር። እሷም ያኔውኑ ለጋሽ ሰይፈ ልካ «የቱን እንውሰድ?» ብላ ጽፋለታለች። ከሥሩ የእሱ መልስ አለ፦ «ሁለቱም ዩኒክስ ናቸው። ያልተቧጨረውን አምጡ፤ አትጨቅጭቁኝ።»

መነጽሩን ጠርጎ ፎቶውን ደግሞ አየው። የተቧጨረው ስፓርክ ነበር።

«እሱስ የት አለ?» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ወንድሜ ይሄንን በወሰደ ዕለት እዚያው ጅቡቲ ብረት ገዢዎች ሰባብረው ወሰዱት።»

«ሴቶቹስ?»

«ዛሬ ከሰዓት ላሰናብታቸው ነው፣ ጋሼ።»

ሊጮኽ አፉን ከፈተ። የሚጮኽበት ሰው ግን አጣ።