ጨው ያልገባበት ትሪ

ልጄ አፋር ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ መመደቧን የሰማን ዕለት «አትሄድም» አልኩ። ሙቀቱንና ወባውን አላነሳሁም፤ እነሱን ማንም ያነሳል። እኔ ያነሳሁት የውሃን ነገር ነው።

ግንበኛ ነኝ፤ የምንኖረው ላሊበላ ዳር ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ የልጆቼን የመማሪያ መጻሕፍት ጭምር። የተወለድኩት ከሙጃ በላይ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ የሚጥለው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ የወረደው ከተከዜ ይቀላቀላል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው በቆቦ በኩል አድርጎ አፋር ይገባል። የተከዜው ብዙ አገር አጠጥቶ በመጨረሻ ባሕር ይደርሳል። የአፋሩ መውጫ የለውም፤ ሜዳው ላይ ይቀራል፣ የቀረበትም ቦታ ጨው ይሆናል። ይህን ለልጆቼ ከትንሽነታቸው ጀምሮ ስነግራቸው ኖሬያለሁ። ሁልጊዜም የምደመድመው ክፉ አገር መልካም ውሃ ያበላሻል ብዬ ነበር።

በዚያው ዕለት ማታ ገበታ ላይ ይህንኑ አነሳሁ። «አንድ ተራራ ላይ አብሮ የተወለደ ውሃ ነው» አልኳት። «አንዱ እየተጠጣ ሄደ፣ ሌላው እዚያ ገብቶ ጨው ሆኖ ቀረ። ውሃውን ያልማረ አገር አንቺን ይምርሻል?»

ልጄ እንጀራዋን ቆርሳ ያዘችና አሰበች። «አባዬ፣ ጨዉ እኮ ከዚህም ይሄዳል» አለች። «ዝናቡ የእኛን ድንጋይ እያጠበ በጥቂት በጥቂቱ ይዞ ይወርዳል። እዚያ ፀሐይዋ ውሃውን ትወስደዋለች፣ ጨዉን ትተወዋለች።»

«ከእኛ ድንጋይ?»

«ከእኛ ድንጋይ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ጠርቤያለሁ። አቧራውን በአፌም በአፍንጫዬም ስውጠው ኖሬ ጨው ጨው ብሎኝ አያውቅም። ይህን ነገርኳት። የምንጫችን ውሃ ጨው ቢኖረው እናትሽ ወጥ ላይ ጨው ባልጨመረች ነበር አልኩም።

«ወጡ ጨው አነሰው ለማለት ከሆነ በቀጥታ ተናገር» አለች ባለቤቴ።

«ላሳይዎት» አለች ልጄ።

ቃል ሰጠሁ። የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ካሳየሽኝ ትሄጃለሽ፤ ካላሳየሽኝ ትቀሪያለሽ። ውሃው ላይ ቅንጣት ጨው ከጨመርሽ ግን ቃሉ ፈርሷል። ባለቤቴ ምስክር ሆነች። ቃሉን የሰጠሁት ልጄ እንደማትችል እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ክብር የለውም።

ሁዳዴ የገባ ሰሞን ልጄ ግቢው ካብ ላይ የአሉሚኒየም ትሪ አስቀመጠች። አጠገቡ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አደረገች፤ ከአፉ ዝቅ አድርጋ በሚስማር በስታዋለች። በየጠዋቱ ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ለሁለቱም አንድ አንድ ኩባያ ታፈስላቸዋለች። የትሪው ውሃ መውጫ ስለሌለው ፀሐይ ላይ ውሎ ይደርቃል። ከቆርቆሮው የተረፈው በቀዳዳው ወጥቶ ጎመኑ ላይ ይንጠባጠባል። ዶሮ እንዳይጠጣባት ዙሪያውን እሾህ አጠረችበት።

«ትሪው አፋር ያለው ሐይቅ ነው» አለችኝ። «ቆርቆሮው እንደ ጣና ነው፤ የገባው በዓባይ ይወጣለታል።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕር ትልቁ ትሪ ነው። ወንዝ ሁሉ ይገባበታል፤ ውሃው የሚወጣው ግን በፀሐይ ብቻ ነው። ሲተን ጨዉን ጥሎ ስለሚሄድ ዝናብ ሆኖ ሲመለስ ይጠጣል።»

እኔ ባሕር ሲፈጠርም ጨው፣ ወንዝ ሲፈጠርም ጣፋጭ ይመስለኝ ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ትሪውን ማየት ልማድ ሆነብኝ። በመጀመሪያው ሰሞን ምንም አልነበረውም፤ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። ከዚያ ዳር ዳሩን ደመና መሰለ። ወደ ጾሙ አጋማሽ ላይ ነጭ ቀለበት ሠራ።

«አቧራ ነው» አልኩ።

«አቧራ ከሆነ ቆርቆሮውም ላይ ይወርድ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቆርቆሮው ውስጥ እንደነበረ ነው።

«ማንቆርቆሪያም ውስጡ ነጭ ይይዛል። ኖራ ነው እንጂ ጨው አይደለም።»

«ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውስ ከየት መጣ?»

ለሆሳዕና ጥቂት ሲቀረው ቀለበቱ ወደ መሀል ገብቶ ትሪውን አለበሰው።

«ይቅመሱት» አለችኝ አንድ ጠዋት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ቢፈቀድልኝም ግን ምላሴን አላመንኩትም። የእኔ ምላስ እንድትቀር የሚፈልግ ሰው ምላስ ነው። የእሷም መሄድ የሚፈልግ ነው።

«ላማችን አትጾምም» አለች ባለቤቴ። «እሷ ትፍረድ።»

የእኛ አገር ላም ጨው የያዘ እጅ ካየች አትለቅም፤ ጨው ያለበትን አፈርም ፈልጋ ትልሳለች። ይህን የሚክድ ሰው የለም። ላሟም በልጄ መሄድና መቅረት ጉዳይ የላትም። ተስማማሁ።

ልጄ ትሪውንም ቆርቆሮውንም መሬት ላይ አስቀመጠች። ላሟ ቆርቆሮውን አሸተተችና ተወችው። ወደ ትሪው ዞረች። አንዴ ላሰች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ምላሷ አሉሚኒየሙን ሲፍቀው ይሰማል። ነጩ ካለቀም በኋላ ትሪውን እየገፋች እስከ ካቡ ድረስ አስኬደችው።

«የወጥ ጨው ቀርቶበት ይሆናል» አልኩ።

ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ሰውዬ! ትሪውን አጥቤ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አሁን የምትከሰው እኔን ነው ላሚቱን?»

«ማንንም።»

«እንግዲያው ቃልህን።»

«ትሄዳለች» አልኩ።

ልጄ አልጨፈረችም። ትሪውን አንስታ እየጠረገች፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «ጨው የሚቆረጥበት ትልቁ ሜዳ ድሮ ባሕር ገብቶበት የደረቀ ነው ይላሉ። የዚያ ጨው ብዙው ከባሕሩ ነው። ከእኛ የሚሄደው ወንዞቹ የሚያልቁባቸው ሐይቆች ውስጥ ያለው ነው።» ይህን የተናገረችው ካሸነፈች በኋላ ነው፤ ባትናገረው አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ የትም ብትሄድ አያሰጋኝም ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ያሰጋኛል።

የከበደኝ መሸነፌ አይደለም። ስንት ዓመት ክፉ አገር ያበላሻል ስል የኖርኩት ውሃ ጨዉን ይዞ የሚነሳው ከምጠርበው ድንጋይ መሆኑ ነው። አገሩ ያደረገው ያመጣንለትን ማስቀመጥ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ጋሸና ድረስ ሸኘኋት። ምክር አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ግማሹ ወድቆብኝ ነበር። አገሩ እንዳያበላሽሽ ልላት አልቻልኩም። አውቶቡሱ ሞተሩን እንዳስነሳ፣ «ከዚህ ይዘሽ የምትሄጂውን እወቂ» አልኳት። «እዚያ የሚጠራቀመው እሱ ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«ውሃም በብዛት ጠጪ።»

ከደረሰች በኋላ ደወለች። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ሰዉ ግን ደግ ነው አለች። ልብስ አጥባ ስታሰጣ ነጭ ነጭ ብሎ ይደርቃል።

«የእርስዎ ድንጋይ ቀድሞኝ ደርሷል» አለችና ሳቀች።

«በደንብ አራግፊው» አልኳትና ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።