ጋሼ ሙጫ ያረፉ ዕለት

እርማት የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ አይደለችም። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ነው፤ ያውም ተናዶ።

አስተማሪው የዕለቱን ቀን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ረቡዕን ማክሰኞ አለው። ክፍሉ በሙሉ አይቷል። ክፍሉ በሙሉ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ማክሰኞ ብሎ ገልብጧል። እሷ ግን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለች፣ ደስ የሚለው መስሏት። ሰውየው ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አያትና «ኦሆ! እርማት መጣችልን!» አለ። ከዚያ ጠመኔውን ዘረጋላት። «እንኪ። ከኔ ካወቅሽ አንቺው አስተምሪ።» ሄዶም እሷ ወንበር ላይ፣ በዚያች ሚጢጢዬ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ቁጭ አለ። ልጆቹ አውካኩ። እሷ ደወል እስኪደወል ጠመኔውን ጨብጣ ሰሌዳው ሥር ቆመች። አንድ ፊደል አልጻፈችም።

ስሙ ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ሥራ ቦታ ተከትሏት መጣ። ነገር ግን እርማት ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አርማ አታውቅም። ሐኪም የታመመውን ጆሮዋን ትቶ ደህናውን ሲመረምርላት፣ ደህናውን አሳክማ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ባሏ «ያኛው ነው ብለሽ አትነግሪውም ነበር?» ቢላት «ሰውየው ሥራ ላይ ነበራ!» አለችው። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ናት።

ስህተት ሳታይ ቀርታ አይደለም። ከሁሉ ቀድማ ታያለች። ያየች ዕለት ግን መዳፏ ያልበዋል፤ ያ ጠመኔ ተመልሶ እጇ የገባ ይመስላታል። ዕጣ ፈንታዋ ሆኖ ደግሞ የተቀጠረችው የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ሶፋ አልባሽ ሆና ነው፤ ጨርቅ የምታሰምርበት ጠመኔ ከሽርጧ ኪስ ተለይቶ አያውቅም።

በዚያ ማምረቻ ጋሼ ሙጫ የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ አሉ። ሙጫ የተባሉት አንድም ያጣበቁት ነገር ስለማይላቀቅ፣ አንድም እሳቸው ራሳቸው ወሬ ከጀመሩ ስለማይላቀቁ ነው። ሚስታቸው እትዬ ደግሞ እዚያው ለሠራተኛው ሻይ ያፈላሉ። ሻዩን የሚያዞሩባት ጋሪ አንዱ ጎማዋ ይጮሃል፤ ሲጥ፣ ሲጥ እያለች ከኮሪደሩ ጫፍ ትሰማለች። «የሰው ቁም ሳጥን ሲያቃና ይውላል፣ የኔን ጎማ ግን ዓይኑ አያያትም» ይላሉ እትዬ፣ ባላቸው እየሰሙ።

እትዬ ደም ግፊት አለባቸው። ባለፈው ወንድምሽ ታሟል ተብሎ በስልክ ሲነገራቸው ከነትሪው ነው የወደቁት። ወንድምየው ጉንፋን ይዞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእትዬ ወሬ የሚነገረው እንደ መድኃኒት በልክ በልኩ ነው።

በዚያን ዕለት ጠዋት ጋሼ ሙጫ ቁም ሳጥን ሊያነሱ ጎንበስ እንዳሉ ወገባቸውን ያዛቸው። እንደ ምንም ብለው፣ በግድግዳ ተደግፈው ሲወጡ እርማትን አገኟት። «ልጄ፣ ለእትዬሽ ነግሬያታለሁ። አንቺ ለአለቃው ንገሪልኝ፤ ቤቴ ሄጄ ትንሽ ልረፍ።»

አለቃው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ነው። ገና ሰው ከሰው አልለየም። እርማት ስትደርስ ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ጣቱን አንስቶ «ቆይ» አላት። ያቺ ጣት ስትነሳ እርማት ያዘጋጀችው ንግግር በሙሉ ከአፏ ረገፈ። የቀራት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ጋሼ ሙጫ አርፈዋል» አለች።

ማክበሯ እኮ ነው። ጋደም አሉ ማለት ቀለለባት።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን በእጁ ከደነው። «መቼ?»

«ጠዋት።»

«ምን ሆነው?»

«ወገባቸውን።»

«በወገብ?!» ዓይኑ ፈጠጠ። «አይ የሰው ነገር!» ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እርማት «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ለወገብ ሕመም እንዲህ የሚያዝን!» እያለች ወደ ሶፋዋ ሄደች።

ከሻይ በፊት ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሠራተኛው በአዳራሹ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ቆሞ መነጽሩን አወለቀ። «ስብሰባችንን ከመጀመራችን በፊት አንድ መራራ ዜና አለኝ» አለ። «ባልደረባችን ጋሼ ሙጫ ዛሬ ጠዋት በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እባካችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እንነሳ።»

ወንበሮች ተንኳኩ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እርማትም ብድግ አለች፤ እግሯ ነው እንጂ እሷ አልተነሳችም።

አጠገቧ የቆመው ቫርኒሽ ቀቢው ነው። ሬዲዮ ይሉታል፣ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። «ጠዋት ደረቱን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለ በሹክሹክታ።

«ወገባቸውን ነው የያዙት!»

«ልብ እኮ ወደ ወገብ ይወርዳል።»

«አልሞቱም አልኩህ! እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ያረፉት ቤታቸው ነው!»

ሬዲዮ በእንባ አያት። ትናንት በእንጨት ማለስለሻ ብርጭቆ ወረቀት ተጣልተው ጋሼን «ምነው ጡረታ በወጣህ» ብሏቸው ነበርና ጸጸቱ አናቱ ላይ ወጥቷል። «ተይ እንጂ፣ አለቃው ሞተዋል ካለ ሞተዋል። በስብሰባ ነው እኮ የተነገረው!» አለና ይንሰቀሰቅ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ከኮሪደሩ ጫፍ የሰማችው። ሲጥ። ሲጥ።

እርማት ኪሷ ውስጥ ያለውን ጠመኔ ጨመቀችው። ሁለት ሴቶችም ድምፁን ሰምተዋል፤ እትዬ ሲወድቁ ሊደግፉ ቀስ እያሉ ወደ በሩ ተጠጉ። ከሁሉ የባሰው ይኼ ነው፤ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጀ፣ የሚያስቆም ሰው የለም። እትዬ ይህን ሁሉ የተነሳ ሰው አይተው፣ የሬዲዮን ልቅሶ ሰምተው፣ «ባልሽ» የምትል አንዲት ቃል ጆሯቸው ከገባች አለቀ። ማነው ታዲያ የሚናገረው? ሥራ አስኪያጅን፣ በጸሎት መካከል፣ በሰው ፊት? «እንኪ፣ አንቺ ሰብስቢ» ቢላትስ?

ሲጥ። ሲጥ።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን እንደ ጨፈነ የሕይወት ታሪክ ጀመረ። «ጋሼ ሙጫ ታታሪ ነበሩ። ይህ የምንሰበሰብበት ጠረጴዛ እንኳ የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው…»

አይደለም። ጠረጴዛው ከሌላ ፋብሪካ የተገዛ ነው፤ የቤት ዕቃ ማምረቻው ይህን ሲያወሩበት ያፍራል። እርማት በዚያ ጭንቅ መሃል ይህንንም አየች። ምን ታድርግ፣ አለማየት አትችልም።

እንዴት እንደሄደች እስከ ዛሬ አታውቀውም። ብቻ ራሷን ከፊት፣ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ሥር አገኘችው።

«አለቃ፣ ይቅርታ፣ አልሞቱም» አለች በሹክሹክታ።

ዓይኑን ሳይገልጥ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «አይዞሽ። ለመቀበል ለሁላችንም ይከብዳል።»

«ኧረ በሕይወት አሉ!»

«በልባችን ውስጥ፣ አዎ።»

ሲጥ። ጋሪዋ ከአዳራሹ አጠገብ ያለውን የቀለም መጋዘን አልፋለች።

«አለቃ!» ጮኸች። አዳራሹ ክው አለ። «እኔ ነኝ አሳጥሬ የተናገርኩት! ‹አርፈዋል› ያልኩዎት ጋደም ብለዋል ለማለት ነው! ወገባቸውን አሟቸው ቤታቸው ተኝተዋል! ሻይ ይዘው የሚመጡት ደግሞ ሚስታቸው ናቸው!»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ቀላ። ቀጥሎ በሩን አየ፣ አመድ መሰለ። «ሚስታቸው?»

«ደም ግፊት አለባቸው።»

«ስልካቸውን! የጋሼን ስልክ ማን ያውቃል?» አንዱ ቁጥሩን ነገረው፤ ደወለ። ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ጠራ። ጠራ። ጠራ። ማንም አላነሳም።

«ታዲያ…» አለ ሬዲዮ፣ ንፍጡን እየጠረገ፣ «የሚያርፍ ሰው ስልክ ያነሳል፤ ያረፈ ነው የማያነሳው።»

እርማት ራሷ ተጠራጠረች። እውነት ሞተው ቢሆንስ? እሷ «በሕይወት አሉ» ብላ በሰው ሁሉ ፊት ጮሃ፣ እሳቸው እዚያ ብቻቸውን… ያቺ የኮሪደር ቃሏ እውነት ሆና ብትገኝስ?

በሩ ተከፈተ። ጋሪዋ ቀድማ ገባች፣ እትዬ ተከተሉ። የቆመውን ሰው አዩና ቀጥ አሉ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ ቆማችሁ? ማን ሞተ?»

ሥራ አስኪያጁ ቀደመ። «ማንም! ማንም አልሞተም እትዬ። ሻይ ሲመጣ… ለእርስዎ ክብር ነው የተነሳነው።»

«ለሻይ?» እትዬ ዓይናቸውን ወደ ሬዲዮ መለሱ። «ይኼስ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?»

«ቫርኒሹ ነው እትዬ።»

«እዚህ ቫርኒሽ የት አለ?»

«ከእጄ… ሳልታጠብ ዓይኔን አሽቼ።»

እትዬ የትሪውን ጠርዝ ያዙ። «አንድ ነገር ደብቃችሁኛል» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «እርማት፣ ልጄ፣ አንቺ አትዋሺኝም። የኔ ሰውዬ ነው?»

እርማት ምን ትበል? የምታውቀው የጠዋቱን ነው። የአሁኑን ማን ያውቃል?

በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ደንግጦ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ነካ፤ ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

«ሃሎ! ማነህ አንተ? አርፌ ነበር እኮ! ምን ሆናችሁ ነው የምትቀሰቅሱኝ?»

የሆነ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ሌላው ተከተለ። ሬዲዮ እያለቀሰ ሳቀ። እርማት ብቻ አልሳቀችም፤ እትዬን ነበር የምታየው።

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊታቸው ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሻዩ ነገር ውሸት ነው። አርፈዋል ሲሉኝ ሌላ ገብቶኝ፣ ሳልጠይቅ ለሰው ሁሉ አወጅኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ ደረታቸውን ይዘው ቆዩ። አንድ ሰው ውሃ አቀበላቸው፣ ቀመሱለት። ፊታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ።

«እሱ?» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ስልኩ እያዩ። «እኔን ሳያስፈቅድ የት አባቱ ይሄዳል!»

«ማንን ነው የምትሰድቢው አንቺ?» አለ ስልኩ።

ሻዩ ተቀዳ። እርማት ግን አንድም አልጠጣች። ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ደረሰባት። «ስሚ፣ ሌላ ጊዜ ስሳሳት፣ ከመነሳታችን በፊት ንገሪኝ» አላትና አለፈ። ምስጋና ይሁን ቁጣ አልገባትም። ቤቷ ሄዳ ለባሏ ቃሉን ድምፅ እየቀያየረች ደገመችለት፤ እሱም አልገባውም። ኪሷን ስታራግፍ የወጣው የጠመኔ ዱቄት ነው።

ጋሼ ሙጫ ወገባቸው ሲሻላቸው ተመልሰው መጡ። ሰው ሁሉ «እንኳን ከሞት አስነሳዎ» እያለ ሲቀልድባቸው ዋለ። እሳቸው ግን እርማትን ወደ ጥግ ጠሯት። እጇ ላበ። «ይኸው መጣ» አለች በልቧ፣ «ገድለሽኝ ነበር ሊሉኝ ነው።»

«ስሚ ልጄ፣ ጸሎቱ ላይ ምን ምን ተባለልኝ?»

«ታታሪ ነበሩ ተባለ።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ሌላ… ያ ትልቁ የስብሰባ ጠረጴዛ የእርስዎ የእጅ ሥራ ነው ተባለ። አይደለም ልል ነበር፤ ግን እትዬ እየመጡ ስለነበር…»

ጋሼ ሙጫ ግራ ቀኛቸውን አዩና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«እሷን» አሉ፣ «የጠረጴዛዋን ነገር እንኳ አታርሚያት።»