ጾሙ እስኪፈታ የለቀቅናቸው ዓሦች

አባባ በመጨረሻው ክረምታቸው ያጠመዱትን ዓሣ ሁሉ መልሰው ለቀቁት። መንጠቆውን ከአፉ በጥንቃቄ ያወጡና በሁለት እጃቸው ይዘው ውሃው ውስጥ እየነከሩት፣ «በል ደኅና ሁን፣ ጾሙ ሲፈታ እንገናኝ» ይሉታል። እኔ አጠገባቸው ጃንጥላ ይዤ እንገበገባለሁ። ያን ዓሣ እንዲበሉልኝ ነበራ ከደብረ ማርቆስ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ፣ በሚኒባስ ደምበጫ ወርጄ፣ የቀረውን መንገድ ጭቃ ለጭቃ እየተንሸራተትኩ የመጣሁት።

ሕመማቸው የጉሮሮ ነበር። ሐኪሙ ከፍልሰታ በኋላ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ቀጠሮ አስይዞ፣ እኔን ለብቻዬ ጠራኝና «እስከዚያ ሰውነታቸው ካልጠና አይችሉትም። ይብሉ። ለስለስ ያለ ነገር፣ ዓሣም ቢሆን» አለኝ። ዓሣ ሲል ደስ አለኝ። ከቤታችን ቁልቁል ያለው የመስኖ ግድብ ተሠርቶ የዓሣ ጫጩት ከተለቀቀበት ጊዜ ጀምሮ አባባን ከዚያ ውሃ ዳር የሚያስነሳቸው አልተገኘም። ሌላው ገበሬ ዝናብ ሲያባራ አረሙን ያስባል፣ እሳቸው ትል ይቆፍራሉ። እማዬ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያለች ትጎነትላቸዋለች። ጠብሳ ስታቀርብ ግን ከሁላችንም ቀድማ ጣቷን የምትልስ እሷ ናት።

እና እኔ ስደርስ ፍልሰታ ገባ። አባባ «እጾማለሁ» አሉ።

የንስሐ አባታችንን ራሴ ሄጄ አመጣኋቸው። መስቀላቸውን አባባ ግንባር ላይ አድርገው፣ «የታመመ አይጾምም፤ እኔ ፈትቼዎታለሁ» አሏቸው። አባባ መስቀሉን ተሳለሙ። «እግዜር ይስጥልኝ አባ። ግን የእመቤቴን ጾም ሽሬ አላውቅም። አሁን በስተርጅና ለሆዴ ብዬ አላስቀይማትም።» ካህኑ አንገታቸውን ደፉ፣ እማዬ አለቀሰች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰው ሊሞት እያለ እንዲህ ያለ ግትርነት ምን ይባላል?

ይባስ ብለው እንደ ሱባኤ ገቢ በጥሬ ብቻ ነው የምጾመው አሉ። የተነከረ ሽምብራ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ግድቡ ዳር ይቀመጣሉ። «እንዴት ያልፍልዎታል?» ስላቸው፣ «አድቅቄ አኝከዋለሁ» ይላሉ። ማታ ተልባ ይጠጣሉ፣ ጠበል ይጎነጫሉ፣ በቃ። አንድ ቀን ሽምብራውን ወደ ውሃው ሲበትኑት አየኋቸው። «ዓሣው እንዲሰበሰብ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። መክሳታቸውንም ሰው ሁሉ «ጾሙ ነው» አለ፣ እኔም አልኩ።

ሌሊት ሕመሙ አያስተኛቸውም። «ተነሽ እስቲ፣ ወርደን መንጠቆ እንጣል» ይሉኛል። ባትሪ አብርቼ፣ ላስቲክ ለብሰን፣ ክንዳቸውን ይዤ እንወርዳለን። በጨለማ የሚይዘው ቀን የምናጠምደው ቅርፊታሙ ቆሮሶ ሳይሆን አምባዛ ነው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው እንደ እሳቸው ያለ ሰው በፍስክም አይቀምሰውም። እንግዲህ ቀን የሚበላውን ለጾሙ ብለን እንለቃለን፣ ሌሊት የማይበላውን ለሃይማኖቱ ብለን እንለቃለን። ከእኛ ጋር የሚተካከል አጥማጅ በጎጃም አልነበረም፤ ዓሦቹም ሳይስቁብን አልቀሩም። ደግሞ ደስ ይላቸው ነበር። ሙልጭልጭ ያለው አምባዛ ከእጃቸው ሾልኮ ሲወድቅ እንደ ልጅ ይስቃሉ፣ ከዚያ ሳቁ ሳል ይሆንና ጀርባቸውን አሻሻለሁ።

አንድ ሌሊት መቻል አቃተኝ። «አባባ፣ ከተማ ዓሣ እየበሉ የሚጾሙ አሉ እኮ» አልኳቸው።

«ይጹሙ። የእነሱ ነገር ከፈጣሪያቸው ጋር ነው።»

«ሊሞቱብኝ ነው! አይታይዎትም? በእጄ ላይ እያለቁ ነው!»

ዝናቡ ላስቲኩን ይመታል። «ክርሽ ተወጠረ፣ ሳቢ» አሉኝ። ሳብኩ። አምባዛ ነበር፣ እያለቀስኩ ለቀቅኩት።

በጾሙ መጨረሻ ቀን የመዳፌን ሁለት እጥፍ የሚሆን ቆሮሶ ያዝኩ። ይህን ግን አልለቀቅነውም። አባባ ባልዲው ውስጥ ሲዋኝ ብዙ ሰዓት ቁጭ ብለው አዩት፣ እንደ ሌሎቹ «ደኅና ሁን» አላሉትም። የደከሙ መስሎኝ ጋቢ ደረብኩላቸው።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እማዬ ዓሣውን ቀቅላ፣ እኔ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ማዕዱ ፊታቸው ቀረበ። ባርከው ቆረሱ። ነጩን ሥጋ በእንጀራው ጠቀለሉ። እማዬና እኔ ትንፋሻችንን ይዘን አፋቸውን እናያለን። እጃቸው ወደ እኔ ዞረ።

«ጉረሺ።»

«አባባ፣ እርስዎ መጀመሪያ።»

«ጉረሺ ስልሽ።» ጎረስኩ። ሁለተኛውን ለእማዬ አጎረሱ። ሦስተኛውን እንደገና ለእኔ ጠቀለሉ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። እጃቸውን ያዝኩት። «አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

ጥፍር የምታክል ቁራሽ አፋቸው ውስጥ አደረጉ። አኘኩ። ብዙ አኘኩ። ጉሮሯቸው ሊውጥ ሲታገል አየሁት፤ ዐይናቸው እንባ ሞላ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ላይ ተፉት። ነውር እንደ ሠራ ሰው ነጠላውን አጥፈው ሸሸጉት።

«ጾሙ ሳይገባ ጀምሮ ከፈሳሽ በቀር አያልፍም ልጄ» አሉ፣ ሳያዩኝ። «በጾም ጊዜ ግን አልበላም ያለን ሰው ማን ለምን ይለዋል? እናንተም ጾሙ ሲፈታ ይበላል ብላችሁ ተስፋ አላችሁ። ጾሙ እንዳይፈታብኝ እመቤቴን ስለምናት ነበር።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ወጣች። እኔ እዚያው ቀረሁ። የአዲስ አበባውን ቀጠሮ እየጠበቅኩ፣ ዓሣ ተለቀቀ ብዬ ስናደድ፣ እሳቸው የጾሙ መፍቻ ቀን እየተገፋ እንዲሄድ ብቻ ይለምኑ ነበር።

ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«እንዳይቀዘቅዝ ልጄ። አንቺ ብይልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ዓሣው እስኪያልቅ አጎረሱኝ፤ ስውጥ ጉሮሮዬን እያዩ ነበርና፣ ሁሉንም ዋጥኩት።